ድጎማ የሚባለው የቱ ነው?

ከአገር ቤት ወደዚህ ያመጣን አውሮፕላን ወይ ቦይንግ ነው ወይ ኤርባስ። ሁለቱ ለ17 ዓመት ያህል በዓለም ንግድ ድርጅት ፊት ሲሟገቱ ኖረዋል፤ ተካሳሾቹ እንኳ መንግሥታቱ ናቸው። በ2004 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ «አውሮፓውያን ኤርባስን በመንግሥት ገንዘብ አሳደጉት» ብላ ከሰሰች። አውሮፓም ውላ ሳታድር «እናንተስ ለቦይንግ በግብር ቅናሽና በምርምር ስም የምትሰጡት ምንድን ነው?» ብላ መልሳ ከሰሰች። ድርጅቱ ዓመታት ፈጅቶ ሁለቱንም ጥፋተኛ አላቸው።

የኤርባስን ነገር እኛ በቀላሉ እንረዳዋለን። ባንክ ሲያበድር መያዣ ይጠይቃል፣ ወለድ ይቆጥራል። ለመንገድ ገንዘብ የሚያበድር ዘመድ ግን «ሲሳካልሽ ትመልሺያለሽ» ብሎ ይሰጣል። የአውሮፓ መንግሥታትም ለኤርባስ ያበደሩት እንዲሁ ነው፤ አዲሱ አውሮፕላን ሲሸጥ ከሽያጩ ይመለሳል፣ ካልተሸጠ ምን ይደረግ። ኤርባስ በ1970 ሲቋቋም ገበያው በአሜሪካኖች እጅ ነበርና፣ ያለዚህ ብድር ማን ደፍሮ ይገባል? ይህ ክርክር ለእኔ ውኃ ያነሳል። ችግሩ ዘመድ የሚያበድረው የራሱን ነው፣ መንግሥት የሚያበድረው ግን የግብር ከፋዩን ነው። ባለ ሁለት ፎቁ ኤ380 ዋና ደንበኛው የዱባዩ ኤምሬትስ ነበር። እሱ ትእዛዙን ሲቀንስ ኤርባስ በ2019 ምርቱን ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ። ያልተሸጠ አውሮፕላን ብድር አይከፍልም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ቅጣቱ ነው። በ2019 ድርጅቱ አሜሪካ በዓመት እስከ 7.5 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ የአውሮፓ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንድትጥል ፈቀደ። እሷም በአውሮፕላኑ ላይ 10 በመቶ ብቻ ጣለችና 25 በመቶውን በስኮትላንድ ውስኪ፣ በፈረንሳይ ወይን፣ በስፔን ወይራ፣ በአይብ ላይ አሳረፈች። አውሮፓም በዓመቱ የ4 ቢሊዮን ያህል ፈቃድ አግኝታ በአሜሪካ የእርሻ ምርቶች ላይ እንዲሁ አደረገች። የወይራ ገበሬው ስለ አውሮፕላን ክንፍ ምን ያውቃል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። «አይብ ሠሪው ሲጮህ መንግሥቱ ይሰማል» ይባላል። እንግዲህ አንድን ሰው ያላጠፋውን አስከፍሎ ጩኸቱን መሣሪያ ማድረግ ነው። ሊሠራ ይችላል፤ ፍትሕ ነው ግን አልልም። እኛም አይተነዋል። በ2013 አገራችን ዜጎቿ እዚህ ስለሚደርስባቸው በደል ስትል ለሥራ መውጣትን አገደች። እገዳው እስከ 2018 ሲቆይ የከበደው በበዳዩ አሠሪ ላይ ሳይሆን በበረሃና በባሕር መውጣት ግድ በሆነባቸው እህቶቻችን ላይ ነበር።

ወደ ቤታችን እንቅረብ። በ2015 ሦስት ትልልቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች ኤምሬትስን፣ ኢትሃድንና ኳታርን «በአሥር ዓመት ውስጥ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ድጎማ ከመንግሥት ወስደዋል» ብለው አቤት አሉ። እነዚህም አልተቀበሉም፤ «እናንተስ በኪሳራ ሕግ ተጠልላችሁ ዕዳችሁን አራግፋችሁ የለም ወይ?» አሉ። ክርክሩ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም መከልከሉም ለኩባንያዎቹ ጥቅም ሆኖ መቆጠር አለበት የሚል።

የዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ ድጎማ የሚለው፣ መንግሥት ከካዝናው ሲሰጥ ወይም ሊሰበስበው የሚገባውን ሲተውና ተቀባዩ በዚያ ሲጠቀም ነው። አንድ ኩባንያ ከመንግሥት 100 ቢቀበል ድጎማ ይባላል። ሠራተኛው እንዳይደራጅ ወይም አሠሪ እንዳይቀይር ተከልክሎ ያው 100 ከደመወዙ ቢቀርስ? ለኩባንያው ገንዘቡ ያው ነው፤ መዝገብ ላይ ግን የለም፣ ምክንያቱም ከካዝና አልወጣም፣ ከእኛ ኪስ እንጂ። እንደ እኔ እምነት ይህኛው የባሰ ነው። ግብር ከፋዩ ቢያንስ በምርጫ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስደተኛው በሰው አገር ማንን ይጠይቃል?

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ርካሽ ጉልበት ሁሉ ድጎማ ነው ከተባለ ሀብታም አገሮች በዚያ ሰበብ በራቸውን ይዘጋሉ፤ ከእኛ አገር ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚወጣውም ሸሚዝ ይከለከላል። የአሜሪካ አየር መንገዶችም ለእኛ አዝነው አልነበረም፤ ተሳፋሪያቸው ስለተወሰደባቸው ነው። ስለዚህ መለየት ይገባል፤ ደመወዙ ያነሰው አገሩ ስለደኸየ ነው ወይስ ሠራተኛው «አይበቃኝም» ብሎ እንዳይሄድ በሩ ስለተዘጋበት? የመጀመሪያው ድህነት ነው፣ ሁለተኛው መንግሥት በሕግ የሰጠው ስጦታ ነው።

የኤርባስና የቦይንግ ሙግት በ2021 ለ5 ዓመት ታገደ። የባሕረ ሰላጤው በ2018 በስምምነት ተቋጨ፤ ፍሬ ነገሩም አየር መንገዶቹ ሂሳባቸውን በግልጽ እንዲያወጡ ነበር። በዚያ ሂሳብ ውስጥ «የሠራተኛ ወጪ» የሚል መስመር አለ። ቁጥሩ በድርድር የመጣ ይሁን በክልከላ ከመስመሩ ላይ አይነበብም።