ያላየነውን ዘመን ማን ይመሰክርልናል?

ያላየውን ነገር «አይቻለሁ» ብሎ የሚመሰክር ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ምስክሩ ቃሉን ሳይሰጥ «ሐሰተኛ ነው» ብሎ የሚያባርረውንስ ምን እንበለው? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ተከሳሹ እኔው ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ደጀን ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆች አስቀራለሁ። አብዛኞቹ ጧት በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩ ናቸው። አንድ ቀን ከትልልቆቹ አንዱ የጂኦግራፊ ደብተሩን በብብቱ እንደያዘ፣ «ኡስታዝ፣ ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት በምድር ዋልታ ላይ የነበረው ብርድ ምን ያህል እንደሆነ ታውቋል ይላሉ። ያኔ ማን ነበረና ለካው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ቆም ብዬ ሳላስብ፣ «ማንም አልለካውም፤ የፈረንጅ ግምት ነው፤ ወደ ቂርኣትህ ተመለስ» አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁበት። ልጁም አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን ለእነዚሁ ልጆች ስለ ሐዲስ ዘጋቢዎች እያስተማርኩ ነበር። ሙሐዲሶች አንድን ራዊ ከመቀበላቸውም ሆነ ከመጣላቸው በፊት መቼ ተወለደ፣ መቼ ሞተ፣ አስተላለፈልኝ ካለው ሰው ጋር በእርግጥ ተገናኝቷል ወይ፣ የማስታወስ ችሎታውስ እንዴት ነበር እያሉ ይመረምሩ ነበር። መጣልም እንደ መቀበል ሁሉ ማስረጃ ይጠይቃል። ይህን በአንደበቴ እያስተማርኩ ያንን የበረዶ ምስክር ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ ከደጅ መለስኩት። ስለዚህ ከአንድ የጂኦግራፊ መምህር መጻሕፍት ተዋስኩና ማንበብ ጀመርኩ።

እስቲ ምስክሩን አብረን እንስማው። በግሪንላንድና በደቡብ ዋልታ መካከለኛ ክፍል የሚወርደው በረዶ ቀልጦ አያልቅም። የዘንድሮው በአምናው ላይ እየተደረበ፣ በመሶብ እንደተከመረ እንጀራ ወደ ታች እየተጫነ ይጠነክራል። አጥኚዎች ውስጡ ባዶ በሆነ መሰርሰሪያ እየበሱ ረጅም የበረዶ ዘንግ ቆርጠው ያወጣሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. ግሪንላንድ ላይ ካምፕ ሴንቸሪ በተባለ ቦታ 1,390 ሜትር ያህል ሰርስረው ከበረዶው ሥር ካለው መሬት ደረሱ። በደቡብ ዋልታ ቮስቶክ በተባለው የሩስያ ጣቢያ ከ3,600 ሜትር በላይ ወርደው የ420 ሺሕ ዓመት በረዶ አወጡ። ዶም ሲ ከተባለው ስፍራ የወጣው 800 ሺሕ ዓመት የሚሸፍን ነው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አውሮፓውያን 2,800 ሜትር ቆፍረው ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው በረዶ ማግኘታቸውን ገልጸዋል። ይህን ያህል ቁጥር የሚያስደነግጠው አንባቢ ቢኖር፣ ቁርኣን የምድርን ዕድሜ በዓመት ቆጥሮ የወሰነበት ቦታ እንደሌለ ያስታውስ።

ግን በረዶ ስለ ብርድ እንዴት ይናገራል? በውኃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሁሉ ክብደቱ እኩል አይደለም። ከአምስት መቶው አንዱ ያህል ከሌላው ይከብዳል። ከዓባይ በረሃ እህል ጭነው ወደ ደጀን የሚወጡ አጋሰሶችን አስቡ። ዳገቱ በበረታ ቁጥር ቀድሞ የሚለግመው ከባድ የተጫነው ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ የደረሱትን የሚቆጥር ሰው ወደ ቆላው ሳይወርድ፣ ከባድ ጭነት ይዘው የደረሱት ጥቂት መሆናቸውን አይቶ ዳገቱ እንዴት እንደጎዳቸው ይረዳል። ደመናም እንዲሁ ነው። ከሞቃት ባሕር ተነሥቶ ወደ ዋልታ ሲጓዝ ከባዱ ውኃ ቀድሞ በመንገድ ላይ እየዘነበ ይቀራል። ብርዱ ሲጠና የሚቀረው ይበዛል፤ ዋልታ የሚደርሰው ከባድ ውኃ ያንሳል። ዳንስጋርድ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ይህን መመርመር የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. በቤቱ ጓሮ የዝናብ ውኃ በጠርሙስ አጠራቅሞ ነው። (ጠርሙሱ የቢራ ነበር ይባላል፤ ለዝናብ ስላዋለው ይቅር እንበለው።)

«ይህ መለካት ሳይሆን መገመት ነው» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ይሁንና ካይሮ ውስጥ ሮዳ በተባለች ደሴት ላይ በ247 ዓመተ ሂጅራ (861 እ.ኤ.አ.) የተሠራውን የዓባይ ሚቅያስ አስቡ። በውኃ ጉድጓድ መካከል የቆመ፣ በክንድ የተከፋፈለ ዓምድ ነው። ግብሩም የሚጣለው ውኃው የደረሰበትን ክንድ እያዩ ነበር። ያ ለኪ ጎጃምን አይቶ አያውቅም። የእኛ ሐምሌ ጭቃውና ጉሙ ምን እንደሚመስል አልነገሩትም። ግን ዓምዱን አይቶ በደጋችን ክረምቱ ከብዶ እንደነበር ወይም ሳስቶ እንደቀረ የሚያመለክት ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ የክረምቱ ሙላት በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነውና። ለካይሮው ሰው የእኛ ዝናብ ሩቅ ነበር፤ ዱካውን ግን በክንድ ለካው። የሩቅ ቦታን እንዲህ ማወቅ ከተፈቀደልን የሩቅ ዘመንን ለምን እንከልክል?

ሆኖም ምስክሩ መመርመር አለበት፤ ከሁሉ የገረመኝም እዚህ ላይ ነው። በ1815 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። የእርሱ ርዝራዥ በሰሜንም በደቡብም ዋልታ በረዶ ውስጥ ስለተገኘ የንብርብሩ ዕድሜ በታወቀ ቀን ይፈተናል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ፈተና የመጣው በግሪንላንድ ነው። የኦክስጅኑን ሚዛን በተለመደው ስሌት ያነበቡት ሰዎች የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ከዛሬው በ10 ዲግሪ ገደማ ይበርድ ነበር አሉ። በኋላ ሌሎች በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ቴርሞሜትር አወረዱ። ወፍራም በረዶ ሙቀትን ቶሎ አያስተላልፍምና የዚያ ዘመን ብርድ ቅሪት ከሥሩ አሁንም አለ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያ ልኬት ሲሰላ ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ምስክሮች ተጣሉ።

ታዲያ በረዶው ዋሸ? አልዋሸም። በዚያ ዘመን በግሪንላንድ በክረምት የሚወርደው በረዶ እጅግ ትንሽ ስለነበረ የተከመረው በአብዛኛው የበጋው ነው ተብሎ ይታመናል። ምስክሩ ያየውን ተናግሯል፤ ያየው ግን በጋውን ነበር። እኔ በዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ስንት ጊዜ በሽምግልና ላይ አንዱን እውነተኛ ሰው «ዋሽተሃል» ብለናል፤ መጠየቅ የነበረበት ግን «በየትኛው ሰዓት ነበርክ?» የሚለው ነበር። ደቡብ ዋልታ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ መጣ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በምሥራቁ ክፍል የቀድሞው ስሌት ብርዱን እንዳበዛው አሳየ። 9 ዲግሪ ያህል ይባል የነበረው ከ4 እስከ 7 ሆነ። እርማቱን ይዘው አደባባይ የወጡት እነዚሁ የበረዶ ሰዎች ናቸው። እኔ በደርዘን ልጆች ፊት ያልኩትን ለማረም ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

«ዋልታ ከደጀን ምን አገናኘው?» የምትሉኝ አላችሁ። ጣና አገናኘው። አጥኚዎች ከጣና ሐይቅ ወለል እንደዚያው በቧንቧ ጭቃ አውጥተው መርምረዋል፤ ውጤቱም በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከ17 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ከ15 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ሞልቶ እንደገና ወደ ዓባይ መፍሰስ ጀመረ። ጣና በደረቀበት በዚያ ዘመን የግሪንላንድ በረዶ ስለ ብርቱ ብርድ ይመሰክራል። በባሌ ሰነቴና በሰሜን ተራሮች አናት ላይም በዚያ በረዷማ ዘመን ግግር በረዶ ገፍቶት የሄደው የድንጋይ ክምር እስከ ዛሬ ይታያል። ጭቃውና የዋልታው በረዶ ተገናኝተው አልተማከሩም። በሐዲስ ትምህርት አንድ ዘገባ በማይተዋወቁ ሰዎች በተለያየ መንገድ ሲደርሰን ይበልጥ ይጠነክራል አይደለም? (ጣና ደረቀ ማለት ዓባይ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም። ሐይቁ ለወንዙ የሚሰጠው ጥቂቱን ነው፤ የሚበዛው ከገባሮቹ ይመጣል።)

በበረዶው ውስጥ የታሰረ የጥንት አየርም አለ። በዚያ 800 ሺሕ ዓመት ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በየሚሊዮኑ ከ300 እምብዛም ሳያልፍ ኖሯል። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። አርሶ አደሩ «ዘመኑ ተለወጠ» ሲለን ከመሳቃችን በፊት ይህን ቁጥር እናስብ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጆቹን ሰብስቤ፣ «ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ፤ የተሳቀበት ልጅ አልነበረም» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ሲበተኑ ያ ልጅ ወደኋላ ቀረና፣ «አያቴ ደጀን ድሮ እንዲህ አይሞቅም ነበር፤ ጥቅምት ላይ ሜዳው በውርጭ ይነጣ ነበር ይላሉ። የእርሳቸውስ ምስክርነት ይቆጠራል?» አለኝ። «ይቆጠራል፤ ግን ጠይቃቸው፤ በየትኛው ዓመት፣ የት ማሳ ላይ፣ ከማን ጋር ሆነው አዩት? ሌላ ያየ ሽማግሌም ፈልግ» አልኩት።

አሁን ደብተር ከፍሎ ይጽፋል። አያቱ ገብስ በውርጭ የተመታበትን አንድ ዓመት የበኩር ልጃቸውን ልደት ይዘው ቆጥረው ነግረውታል። ሁለተኛው ሽማግሌ ውርጩን በሚገባ ያስታውሳሉ፤ ዓመቱን ግን በሁለት ዓመት ያስቀድሙታል።