ክርስቲያን ሞትን እንዴት ይጠብቀው?

ሰው ሆኖ የማይሞት እንደሌለ ሁላችን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ይህን ዕውቀት በአንደበታችን እንጂ በኑሯችን ብዙ ጊዜ አንመሰክርለትም። ጎረቤታችን ሲሞት «ነገ በእኔ» እያልን እንቀብራለን፤ ከመቃብር እንደ ተመለስን ግን የድንበር ክርክራችንንና የቂም ሒሳባችንን፣ ሺህ ዓመት እንደሚኖር ሰው፣ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ስለዚህ ክርስቲያን ሞትን እንዴት ሊጠብቀው ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ለሕመምተኛና ለሽማግሌ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ለጤነኛውና ለጎልማሳውም የሚቀርብ ነው።

በመጀመሪያ ሞትን መፍራት ብቻውን እንደ እምነት ጉድለት ሊቈጠር አይገባውም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል፤ በጌቴሴማኒም በጽኑ ተጨንቋል። እንግዲህ ኀዘንተኛን «አማኝ ከሆንህ አታልቅስ» ብሎ መገሠጽ ከወንጌል የተገኘ ምክር አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ምእመናን ሲጽፍ የከለከለው ተስፋ እንደሌለው ሰው ማዘንን ነው እንጂ ማዘንን አይደለም።

ይህን ልዩነት ለመረዳት የእነዋሪን ገበሬ ሥራ መመልከት ይበቃናል። የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ የሆነችው እነዋሪ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የምትገኝ፣ አካባቢዋም በስንዴና በጤፍ የታወቀ ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር በመሆኑ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ገበሬው ካረሰ በኋላ ከነቤተሰቡ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ ከፍ እያደረገ መደብ ያበጃል፤ በመደብና በመደብ መካከልም ውሃው የሚወርድበት ቦይ ያወጣል። ዘሩን የሚያጠፋው መቀበሩ አይደለም፤ የሚያጠፋው ውሃ ተኝቶበት መውረጃ ሲያጣ ነው። ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በ15ኛው ምዕራፍ ትንሣኤን በዘር መስሎ ሲያስተምር፣ ምሳሌውን ለዚህ ገበሬ ማንም ሊተረጉምለት አያስፈልግም።

ኀዘንም እንዲሁ መውረጃ ይሻል። ቤተ ክርስቲያናችን ከፍትሐቱ ጀምሮ በሠልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ጸሎት እንዲደረግ መሥራቷ ለሟቹ ነፍስ ምሕረትን ለመለመን ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ለቋሚውም ይጠቅመዋል፤ ኀዘኑ በአንድ ጊዜ ሳያሰጥመው በቀንና በወር እየተከፈለ እንዲወርድለት ያደርጋል። ዕድርተኛውም ከኀዘንተኛው ጋር አብሮ ተቀምጦ ማደሩ ይህንኑ ቦይ በእጁ ማበጀቱ ነው።

ይህ ተስፋ በሰላም ቀን ብቻ የሚነገር እንዳልሆነ የጠላት ወረራ ዘመን አሳይቷል። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ በፋሺስቶች ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ፤ ከገዳሙ የተያዙ ዲያቆናትም ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወስደው ከዚያው ተገደሉ። እነዚህን አባቶች ሕይወትን የናቁ አድርገን ልንመለከታቸው አይገባም። አቡነ ጴጥሮስ ከሕይወት የሚበልጥ እውነት እንዳለ ስላመኑ ሕይወታቸውን በሐሰት ሊገዙ አልወደዱም።

አንዳንድ ሰዎች «የወዲያኛውን ዓለም ማሰብ የወዲህኛውን ሥራ ያስተዋል» ይላሉ። እንዲህ የሆነበት ሰው አለመኖሩን አንክድም። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የፍርድ ቀን ጥያቄ እናስተውል። የሚጠየቀው ስለ ተራበው፣ ስለ ተጠማው፣ ስለ ታረዘው፣ ስለ ታመመውና ስለ ታሰረው ነው። እንግዲህ ጥያቄው በወዲያኛው ዓለም ይቅረብ እንጂ መልሱ የሚዘጋጀው በዚህችው መንደር ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ተዝካር ድኻ እንዲጠግብበትና ለሟቹ እንዲጸለይበት የተሠራ መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን «ሰው ምን ይለኛል» በማለት ለአንድ ቀን ድግስ የእርሻ በሬውን የሚሸጥ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ደጅ የሚቆም ቤተሰብ ሲገኝ፣ ነገሩ ከሥርዓቱ ወጥቷል። በሬው የተሸጠበት ማሳ በሚመጣው ክረምት ሳይታረስ ይቀራል፤ የሟቹም ልጆች በአባታቸው ስም ተርበው ይከርማሉ። የአባት ነፍስ በልጆቹ ረኃብ ታርፋለች ብለን ለማመን ከቶ አንችልም። ጸሎቱ አይቅር፤ ምጽዋቱም እንደ ዐቅም ይሁን፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን በዚያው ቤት ያለው የሙት ልጅ ይታሰብ።

እንዲሁም ለሞት መዘጋጀት በመጨረሻው ሰዓት ካህን ለመጥራት ብቻ መቸኰል አይደለም። የወሰድነውን ብድር ለቤተሰባችን መንገር፣ የገፋነውን ድንበር መመለስ፣ ያኰረፍነውን ወንድም በሽማግሌ አስጠርቶ መታረቅ፣ ወደ ንስሐ አባት በጤና ሳሉ መሄድ፣ ይህ ሁሉ የሞት ዝግጅት ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ሞት ሲመጣ ላይፈራ ይችላል ብለን ቃል አንገባለትም። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ለዘመዶቹ የሚያወርሰው ክስና ቂም አይኖረውም፤ የቀረውንም ፍርኀት ከመቃብር ለተነሣው ጌታ ዐደራ ለመስጠት ልቡ የተዘጋጀ ይሆናል።