ጸጋና ዋጋው

ጸጋ በነፃ የሚሰጥ ነው። ቃሉ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል፤ ዋጋ የተከፈለበት ነገር ጸጋ መባሉ ይቀራል። ታዲያ በነፃ የተሰጠ ነገር ከተቀባዩ ምን ሊጠይቅ ይችላል? ጥያቄው የነገረ መለኮት ሊቃውንት ብቻ የሚከራከሩበት ይመስላል፤ በተግባር ግን ከደጀ ሰላም ወጥቶ እስከ ገበያ፣ እስከ ፍርድ ቤትና እስከ ማጀት ይዘልቃል።

ጀርመናዊው የሉተራን ቄስ ዲትሪኽ ቦንሆፈር ስለ ደቀ መዝሙርነት ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ርካሽ ጸጋንና ውድ ጸጋን ለይቷል። ርካሽ ያለው ያለ ንስሓ የሚታደለውን ሥርየት፣ አኗኗርን የማይነካውን እምነት ነው። ነቀፋው ያነጣጠረውም በከሓድያን ላይ ሳይሆን በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ነበር። ሰው በእምነት ይጸድቃል የሚለው ትምህርት በሉተር ዘመን የተጨነቀ ኅሊናን ነፃ ያወጣ ነበር፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ግን የሰነፍ ትራስ ሆኖ አገኘው። ውድ ያለው ጸጋም ቢሆን በምግባር የሚገዛ አይደለም። ውድነቱ ሰጪው ያወጣበት ዋጋ ነው፤ ተቀባዩንም እንደነበረ አይተወውም።

ቦንሆፈር ይህን የጻፈው በጸጥታ ዘመን አልነበረም። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ሥልጣን ይዘው ከአይሁድ የሚወለዱትን ከመንግሥት ሥራ ሲያግዱ፣ ይኸው ሕግ በካህናትም ላይ እንዲሠራ የሚሹ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነሥተው ነበር። እርሱ ከሦስት ዓመት በፊት ለትምህርት ኒውዮርክ ሄዶ በሐርለም የአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ያስተምር ነበር። ይህች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1808 በቀለም የተለየ መቀመጫ አንቀበልም ባሉ ጥቁር ምእመናን የተመሠረተች፣ ስሟንም ከኢትዮጵያ የወሰደች ናት። በርሊን ስለ ጸጋ ብዙ አስተምራው ነበር፤ ጸጋ የተዋረደን ሰው ቀና ሲያደርግ ያየው ግን እዚያ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በኋላ ሂትለርን ለማስወገድ ከዶለቱት ጋር ተባበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ታሰረ፤ በሚያዝያ 1945 በፍሎሰንቡርግ ተሰቀለ። የኅሊና ጥያቄ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የወንጌል አገልጋይ እንዴት በሰው ግድያ ይመክራል? ቦንሆፈር ድርጊቱን ጽድቅ ነው አላለም። በደል መሆኑን ዐውቆ፣ እጅን አጥፎ መቀመጥም በደል መሆኑን ዐውቆ፣ ሸክሙን ተቀበለና ራሱን ለምሕረት ሰጠ። ርካሽ ጸጋ ከድርጊቱ በፊት ፈቃድ ይሰጣል፤ እርሱ የተማመነበት ጸጋ ግን በደሉን በስሙ ጠርቶ ለፈረደበት ሰው የሚተርፍ ነው። ይህም አከራካሪነቱ አልቀረም፤ ሊቀርም አይገባም።

በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ ለጋሾች በላከችው ደብዳቤ፣ ገንዘብ ለልማት እየጐረፈ ለስብከት መንፈጉ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ መክፈል እንደሆነ ተከራከረች። በዚህ አስተሳሰብ ፍትሕ የስብከት ተቀጥላ አይደለም። ከአገር የመውጣት ዕድል ቢቀርብላቸውም ምእመናኑን ትቶ መሄድን አልወደዱም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተወስደው ተገደሉ።

ይሁንና የሰማዕታት ታሪክ ራሱ ርካሽ ጸጋ ሊሆን ይችላል። ሰሚው ያደንቃል፣ ያለቅሳል፤ እንዲህ ያለ ፈተና ስላልገጠመው ደግሞ ነፃ የወጣ ይመስለዋል። ሆኖም ሃምሳ አምስቱን ቀን ዐቢይ ጾም ያለ እንከን ጾሞ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ የሚያቆይ ጌታ፣ ፈተናው ገጥሞታል። የነፍስ አባቱም ስግደት አዘው ስለ ገንዘቡ ሳይጠይቁት ካሰናበቱት፣ ርካሹን ጸጋ ሁለቱ ተካፈሉት ማለት ነው።

ቀራጩን ዘኬዎስን ወንጌላዊው ሉቃስ በዚህ ረገድ በጥንቃቄ ይተርከዋል። ክርስቶስ ቤቱ ሊያርፍ የወደደው ዕዳውን ከከፈለ በኋላ አይደለም፤ አስቀድሞ ነው። ሰውየው ግን እንግዳውን ተቀብሎ ዝም አላለም፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች፣ የቀማውንም አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ። ቀራጭ እንደመሆኑ ሒሳቡን ያውቃል፤ ምን ያህል እንደሚቀርለትም ሳያሰላው አይቀርም። ገንዘባቸው ሲመለስላቸው የተበደሉት ምን እንዳሉ ሉቃስ አልጻፈም።