ትንሿ ደመና

 

ምንነቱን የማናውቀውን ነገር እንዳየነው ብቻ መዝግቦ ማለፍ ጥቅም አለው?

አብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ከዋክብት በጻፈው መጽሐፍ፣ አንድሮሜዳ በምትባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ትንሽ ደመና የመሰለች ነገር እንዳለች አሰፈረ። ቴሌስኮፕ ሊሠራ ከ600 ዓመት በላይ ይቀር ነበር። በዓይኑ ያየው ደመና ነው፤ ደመና ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ አላለፈም።

እናንተም ልታዩዋት ትችላላችሁ። በኅዳር፣ ጨረቃ በሌለችበት ቀን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከጂንካ መብራት ወጣ ብላችሁ በሰሜን በኩል ቀና በሉ። ዓይን ሲያፈጡባት ትደበዝዛለች፤ ገለል አድርገው ሲያዩዋት ትሻላለች።

ፈረንሳዊው ቻርልስ ሜሲዬ የሚፈልገው ግን ጅራታም ኮከብ ነበር። ጅራታም ኮከብ ከቀን ቀን ቦታ ይቀይራል፤ እነዚህ ጭጋጎች ባሉበት ይቆማሉ፣ ፈላጊን ያሳስታሉ። እንዳያታልሉ ቦታቸውን እየለካ መዘገበ፤ በ1781 ዝርዝሩ 103 ደረሰ። የአስ-ሱፊ ደመና 31ኛዋ ናት። ለሜሲዬ የእንቅፋት መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ጅራታም ኮከብ ማግኘት ዝና በሚያስገኝበት ዘመን፣ ያልሆነውን ነው አላለም። በ1920ዎቹ ኤድዊን ሀብል ርቀቷን ሲለካ፣ ደመናዋ ራሷን የቻለች ጋላክሲ ሆና ተገኘች። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

እኛስ? ጓደኛ በቴሌግራም የዲን ጥያቄ ሲልክልን ስንቶቻችን ነን «አላውቅም» የምንል? ዑለማዎቻችን ከሰፊ ማብራሪያ በኋላ እንኳ «ወላሁ አዕለም» ብለው ይጽፉ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሕይወት መልስ እስኪገኝ አይጠብቅም። በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል የሚኖሩትን ሙርሲዎች ተመልከቱ። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ በ1978 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ በደቡብ ሰማይ ያሉ አራት ከዋክብት በየተራ ከምሽት ሲጠፉ፣ ሙርሲዎች የኦሞን ሙላት ይከታተሉባቸው ነበር። «አሁን ስንተኛው ወር ነው?» ሲባሉ ግን መልሳቸው ይለያይ ነበር። ክርክሩን የሚቆርጥ ዳኛ አልነበረም፤ ማን ልክ እንደነበረ ኋላ ይታወቅ ነበር። ይህን አላዋቂነት የሚል ይኖራል፤ ለእኔ ግን ትዕግሥት ነው። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ወንዙን ከመቀየሩ በፊት፣ በወሩ ሳይስማሙም፣ ውሃው ሲሸሽ ማሽላቸውን በእርጥቡ ደለል ላይ ይዘሩ ነበር።