ለእዝነት ተብሎ የሚፈረም ሐሰት

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም



አንድ ሰው የሐሰት ወረቀት ፈርሞ ድሃን ቢጠቅም ወንጀል ሠራ ወይስ አጅር አገኘ? ጥያቄው የፊቅህ ተማሪዎች ለመከራከሪያ የፈጠሩት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እንደ ተልተሌ ባሉ የደቡብ ቆላ ከተሞች ወጣቶችን ሙያ የሚያስተምር ሁሉ የሥልጠና ሪፖርት በሚያዘጋጅበት ቀን ሊገጥመው የሚችል ነው።

በሀገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በ1996 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 391፣ ኋላም በ2008 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 954 ሥርዓት እንዲይዝ ተደርጓል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሠልጣኙ ከፊሉን በማሠልጠኛው፣ ከፊሉን ደግሞ በእውነተኛ የሥራ ቦታ እንዲማር ይፈለጋል፤ ይህም የትብብር ሥልጠና ይባላል። ማሠልጠኛው ራሱ አስተምሮ ራሱ እንዳያሳልፍም ብቃቱን ሌላ መዛኝ ይመዝናል፤ ሕዝቡ ሲኦሲ የሚለው ይህንን ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ወገን፣ መንግሥትም ይሁን የረድኤት ድርጅት፣ በበኩሉ ማስረጃ ይጠይቃል። ስንት ተመዘገቡ? በየቀኑ ተገኝተዋል ወይ? የልምምዱ ሰዓት ተሟልቷል ወይ?

አሁን ወደ ተልተሌ እንምጣ። ከያቤሎ በስተምዕራብ ያለው ይህ አገር ኑሮው በከብት ላይ የቆመ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ የስንቱ ቤተሰብ በረት ባዶ ቀረ! ከብቱን ያጣ ወጣት ከተማ ገብቶ ብየዳ፣ ግንበኝነት ወይም የሞተር ሳይክል ጥገና ቢማር ሌላ የሕይወት በር ተከፈተለት ማለት ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ እንዳለው ያለ ተለማማጅ የሚቀበል ፋብሪካ በዚያ አይገኝም።

እንግዲህ አንድ አሠልጣኝ ሃያ ልጆች አሉት እንበል። ቅጹ የሁሉንም የልምምድ ሰዓት ይጠይቃል፤ በአካባቢው ያሉት ጥቂት ጋራዦች ግን አምስት ልጅ እንኳ በወጉ አይዙም። እውነቱን ቢጽፍ ገንዘቡ ሊቆም፣ ልጆቹም ሊበተኑ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ እንደተሟላ አድርጎ ይፈርማል። ለኪሱ ብሎ ሳይሆን ለልጆቹ አዝኖ ነው።

ለዚህ ሰው የሚከራከር አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰዎች መካከል ለማስታረቅ መልካም ነገር የሚያወራን ሰው ከውሸታሞች እንዳልቆጠሩት በሐዲስ ተዘግቧል፤ ታዲያ ለየቲምና ለድሃ ሲባል አንድ ቁጥር ቢለወጥ ምን አለበት? ይባላል።

መልሱ ግን ከባድ አይደለም። ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን የሚያስታርቅ ቃል የሦስተኛ ሰው ሐቅ አይነካም። የሙያ ወረቀት ግን ለሦስተኛ ሰው የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ያንን ወረቀት አምኖ ቤቱን የሚያሠራ አባት አለ፤ በዚያ ልጅ እጅ የተጠገነ ፍሬን ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ መንገደኛ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። ያልለመደውን ለምዷል ብሎ የመሰከረለትስ ከዚህ ተጠያቂነት እንዴት ያመልጣል? የመጀመሪያው ተጎጂም ራሱ ወጣቱ ነው። ከብቱን ድርቅ ወሰደበት፤ ሙያውን ደግሞ የአዘነለት ሰው ፊርማ ወሰደበት። መዛኙ ፊት ሲቆም እጁ ያጋልጠዋል።

ሱረቱል በቀራ በ282ኛው አያ ዕዳን የሚጽፍ ጸሐፊ በፍትሕ እንዲጽፍ ያዛል። ሱረቱል ሙጠፊፊንም ሰፍሮ የሚያጎድለውን ያስጠነቅቃል። የልምምድ ሰዓትም መስፈሪያ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ያዘነ ሰው ያለማመደውን ብዕር ሌባ ይወርሰዋል። በእንግሊዝ አገር በ2000 እ.ኤ.አ ጎልማሶች ሙያ እንዲማሩ የግል የትምህርት ሒሳብ የተባለ የድጎማ ፕሮግራም ተጀመረ። የአሠልጣኞቹ ብቃት ሳይጣራ በተመዘገበ ስም ገንዘብ ይከፈል ነበርና አጭበርባሪው በዛ፤ በ2001 እ.ኤ.አ ኅዳር ወር ፕሮግራሙ ተዘጋ። የሀገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ጥፋቱ 97 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ እንደሚችል ገምቷል። ከእውነተኞቹ ተማሪዎችም ብዙዎች በሩ ተዘጋባቸው።

ታዲያ ጥፋቱ ሁሉ የአሠልጣኙ ነውን? አይደለም። ሊፈጸም የማይችል ደንብ አውጥቶ እውነት የጻፈውን የሚቀጣ ኃላፊም የሐሰቱ ተካፋይ ነው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ረሃብ በገባ ጊዜ የሌብነትን ቅጣት እንዳላስፈጸሙ፣ የዘካ መሰብሰቢያውንም እንዳዘገዩ ይዘገባል። ልብ እንበል፤ ዑመር ችግሩን አይተው ውሳኔውን በግልጽ ለወጡ እንጂ ሠራተኞቻቸው ዘካው እንደተሰበሰበ አስመስለው እንዲጽፉ አልተዉም። እዝነት በአደባባይ ሲሆን ፍትሕ ይባላል፤ በጓዳ ሲሆን ግን አማናን ይበላል።

የሒስባ መጻሕፍትም መንገድ ያሳዩናል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ሙሕተሲቡ ከየሙያው አንድ ዐሪፍ፣ ማለትም ሥራውንም ማጭበርበሪያውንም የሚያውቅ ታማኝ ሰው እንዲሾም መክረዋል። ተልተሌም የሚያስፈልጋት ይኸው ነው። ከወረቀቱ ይልቅ የልጁን የብየዳ ሥራ አይቶ የሚመሰክር ባለሙያ ያሻታል። አሠልጣኙ በቅጹ ላይ «የሥራ ቦታ ስላልተገኘ ይህን ያህል ሰዓት ብቻ ተለማመዱ» ብሎ ይጻፍ፤ ገንዘብ ሰጪውም ይህን ጸሐፊ ከመቅጣት ይልቅ የጎደለውን ይሙላ።

እኛ የከተማ ሙስሊሞችስ ከደሙ ንጹሕ ነን? ጋራዥ፣ የብረታ ብረት ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ያለን ስንቶቻችን ነን ለዘመድ ልጅ ብለን ሥራ ቤታችንን ሳይረግጥ «ተለማምዷል» ብለን ማኅተም የመታን? ያ ማኅተም ሸሃዳ መሆኑን አንርሳ። ከዚያ ይልቅ እያንዳንዱ ባለ ጋራዥ አንድ ልጅ እውነት ተቀብሎ ቢያሠለጥን፣ የሐሰት ፊርማ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር በዚያው ልክ ይቀንሳል። በያቤሎም፣ በነጌሌ ቦረናም፣ በሞያሌም፣ በመርካቶም ያለ ወንድም ይህን ማድረግ ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።