መድኃኒት የማን ነው?

የሕክምናን ዕውቀት ላልተማረ ሰው መስጠት ልግስና ነው ወይስ ድፍረት? ይህን ሳስብ ታናሹ ክሪስቶፈር ሳወር ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1724 በሕፃንነቱ ከጀርመን ምድር ወደ እንግሊዝ ቅኝ ግዛት ፔንሲልቫንያ የተሰደደው ይህ አታሚ፣ ከ1762 እስከ 1778 የዕፅዋትን ፈዋሽነት በየዓመቱ በሚያወጣው የዘመን መቁጠሪያ ላይ በጀርመንኛ አተመ። ሐኪም ለራቀው ገበሬ ያ ወረቀት የቤት ሐኪም ነበር።

አላዋቂ መጠኑን ቢስት ይጎዳል፤ እውነት ነው። ዝምታም ይገድላል፤ በዝምታ የሞተውን ግን የሚቆጥር የለም።

ሳወር ሃይማኖቱ መሐላ ስለሚከለክል የታማኝነት ቃል ሳይገባ ቀረ። በ1778 አብዮተኞቹ ከሃዲ ብለው ንብረቱን ወረሱ፤ በሐራጅም ሸጡት። በየገበሬው ቤት የገባውን ዕውቀት ግን ማን ይውረሰው? ስለዚህ «ይጎዳል» ብሎ የሚደብቅ ሁሉ፣ በመደበቁ ስለሚሞተውም ይጠየቅ እላለሁ።