አባልን ስለ ማብዛትና ስለ ማቆየት

አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ አባላቱ ሲያንሱበት በቅድሚያ የሚያስበው አዲስ ሰው መመዝገብን ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ ሰውን ወደ ማኅበር የምንጠራው ስለ እርሱ ነውን ወይስ ስለ ቁጥራችን?

በእድር የቀረ ሰው መቀጮ ይከፍላል። ይህ አግባብ ነው፤ ዛሬ የጎረቤቱን ሬሳ ያልሸኘ ነገ ለራሱ ሸኚ መፈለጉ አይቀርምና። የአገልግሎት ክበብ ግን እንዲህ ያለ ብድር የለውም። የሚረዳው ችግረኛ ከአባላቱ ወገን ስላልሆነ መቀጮ ሰውየውን ወንበር ላይ ያስቀምጠው ይሆናል እንጂ ልቡን አያመጣውም።

ሮታሪ በ1905 እ.ኤ.አ. በቺካጎ በአራት ሰዎች ሲጀመር ስብሰባው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በተራ ይዞር ነበር፤ ስሙም ከዚሁ መጣ። እያንዳንዱ በተራው አስተናጋጅ ነበረ ማለት ነው። በኋላ ግን በተከታታይ አራት ስብሰባ የቀረን ከአባልነት የሚያሰናብት ደንብ ተበጀ፤ በ2016 ክበቦች ይህን እንደየሁኔታቸው እንዲያላሉ ተፈቀደ። ሴቶችን በየአገሩ ለመቀበል ደንቡ የተሻሻለው በ1989 ነበር። ያን ያህል ዘመን ደጅን ዘግቶ ስለ አባል ማነስ መጨነቅ የሚገርም ነው!

በእኔ አስተያየት ከደንቡ ይልቅ ተራው ይበልጣል። ሥራ ያልተሰጠው አዲስ አባል ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ሦስት ወር አዳምጦ ይቀራል። ስሙን ከመሰረዝ በፊት ሁለት ሰው ልኮ «ምነው ጠፋህ? ታመህ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ብዙ ጊዜ፣ «የፈለገኝ አልነበረም» የሚል ነው።